ለየትኛው የጤና ጥያቄ የትኛው ምንጭ? ኢንተርኔት ላይ ለምንፈልግ ሰዎች የንጽጽር መመሪያ

ስለ ጤና ኢንተርኔት ላይ ማንበብ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ይህ ክርክር ሩቅ አያስኬድም። ሰው ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ በፊት ያነባል። ከተመለሰ በኋላ ያነባል። የታዘዘለትን ክኒን እጁ ላይ ይዞም ያነባል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2015 ከ20 ፍለጋዎች አንዱ ጤናን የሚመለከት እንደሆነ ተናግሮ ነበር። ስለዚህ የሚጠቅመን የትኛውን ምንጭ ለምን እንደምንከፍት ማወቅ ነው።

የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ በደፈናው «ጥሩ» የሚባል ምንጭ የለም። ምንጩን የሚመርጠው ጥያቄው ነው። ስለ መድኃኒት መጠን ሲጠየቅ አደገኛ የሚሆን የቴሌግራም ግሩፕ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ በየትኛው ጎን መተኛት እንደሚቀል ሲጠየቅ ከትልልቅ ተቋማት ገጽ ሊበልጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው ለአንዱ ጥያቄ የሚሆነውን ምንጭ ለሌላው ስንጠቀምበት ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን መለየት

«ይሄ በሽታ ምንድን ነው?» አንድ ጥያቄ ነው። «ይሄን መድኃኒት ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?» ሌላ ነው። «እንደኔ የታመሙ ሰዎች ኑሮውን እንዴት ቻሉት?» ደግሞ ጭራሽ ሌላ። «ይሄ የተላከልኝ ነገር እውነት ነው?» የሚልም አለ።

አንዱን ጥያቄ ግን ከፍለጋው እናውጣው፦ «አሁኑኑ ልሂድ ወይስ እስከ ነገ ልጠብቅ?» ደረትን ጭምድድ የሚያደርግ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ በድንገት የአንድ ጎን መስነፍ፣ የአንደበት መተሳሰር፣ አልቆም ያለ ደም። እነዚህ ካሉ ስልክ የሚያስፈልገው ለመደወል ብቻ ነው። በደም መርጋት ለሚመጣ ስትሮክ የረጋውን የሚያሟሟው መድኃኒት በተለምዶ የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ከዚያ ውስጥ ለጉዞና ለምርመራ የሚሄደውን ቀንሱት። ቁጭ ብሎ ለማንበብ የሚተርፍ ጊዜ የለም።

ጎግል ወይስ በቀጥታ የጤና ተቋም ገጽ?

ጎግል የሚያመጣልን እኛ በጠየቅንበት ቃል ነው። «ራስ ምታት» ብሎ የጻፈና «ራስ ምታት የአንጎል ዕጢ» ብሎ የጻፈ የተለያየ ገጽ ይከፈትላቸዋል። ሁለተኛው ሰው ማታውን ስለ አንጎል ዕጢ ሲያነብ ያድራል፣ ራሱን ያመመው ግን እንቅልፍ አጥቶ ሊሆን ይችላል። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። በተራ ምልክት የተጀመረ ፍለጋ ቀስ በቀስ ወደ ከባድና ብርቅዬ በሽታ ያመራል። ስለዚህ ስትፈልጉ የፈራችሁትን በሽታ ሳይሆን የሚሰማችሁን ምልክት ጻፉ። ከላይ የሚመጡት የመጀመሪያ ውጤቶች ማስታወቂያ ሊሆኑ እንደሚችሉም ልብ በሉ። «ስፖንሰርድ» የሚለው ጽሑፍ ትንሽ ስለሆነ ዓይን ያልፈዋል።

እኔ የምመርጠው ከምልክቱ ጎን የተቋሙን ስም መጻፍ ነው። ይቺ ብቻ የፍለጋውን ውጤት ትለውጣለች። የትኛውን ተቋም? እዚህም ልዩነት አለ።

ሜድላይንፕላስ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1998 የከፈተው ገጽ ነው። ማስታወቂያ የለበትም፣ የሚሸጠው ነገርም የለም። ስለ መድኃኒትና ስለ ላብራቶሪ ምርመራ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው። ቋንቋው ቀላል ነው፤ ክኒኑ ለምን እንደሚወሰድ፣ ከምን ጋር እንደማይሄድ፣ አንዱን መውሰድ የረሳ ምን ማድረግ እንዳለበት በየርዕሱ ለይቶ ያስቀምጣል።

የእንግሊዙ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ገጽ፣ ኤንኤችኤስ የሚባለው፣ ጥንካሬው ሌላ ነው። ብዙዎቹ የበሽታ ገጾቹ ላይ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚቻል፣ መቼ ሐኪም ማየት እንደሚገባ፣ መቼ አምቡላንስ መጥራት እንደሚያስፈልግ ለየብቻ ተቀምጧል። ለሚጨነቅ ሰው ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ማዮ ክሊኒክ የተባለው የአሜሪካ ሆስፒታል ገጽ ስለ አንድ በሽታ መንስኤና የሕክምና አማራጭ ሰፋ አድርጎ ያስረዳል፤ ሐኪም ስሙን ብቻ ነግሮን ስንወጣ ጥሩ ማብራሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ገጽ ለወረርሽኝ፣ ለክትባትና ለአጠቃላይ ግንዛቤ ይሆናል። «የኔ ጉልበት ለምን ያብጣል?» ለሚል ጥያቄ ግን ብዙም አይረዳ።

እነዚህ ገጾች ደረቅ ናቸው። «ሐኪምዎን ያማክሩ» ይበዛባቸዋል። የተጻፉትም ለየአገራቸው አሠራር ነው። እንዲያውም ሁለት ነገሮች ሰውን በእውነት ሊጎዱ ይችላሉ።

አንዱ የመድኃኒት ስም ነው። አሜሪካኖች አሴታሚኖፌን የሚሉትና ሌላው ዓለም ፓራሲታሞል የሚለው አንድ መድኃኒት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሁለት መድኃኒት የወሰደ መስሎት አንዱን ደርቦ ሊውጥ ይችላል፤ ሲበዛ ደግሞ ጉበትን ይጎዳል። ለአስም የሚሳበው ሳልቡታሞልም በአሜሪካ ገጾች ላይ አልቡቴሮል ነው።

ሌላው የመለኪያ አሃድ ነው። የደም ስኳር አንዳንድ አገር በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው በሚሊሞል በሊትር ይጻፋል። በአንደኛው 126 የሚባለው በሁለተኛው 7 ነው። ወረቀቱ ላይ 7 አይቶ በሌላ አገር ገጽ ከ126 ጋር ያነጻጸረ ሰው ስኳሩ ተሟጦ ያለቀ ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ግን ሳይበላ የተለካ 7 የስኳር በሽታ መለያ መስመር ላይ ያለ ቁጥር ነው። ከቁጥሩ በፊት አሃዱን ተመልከቱ። ከሚሊሞል ወደ ሚሊግራም ለመለወጥ የደም ስኳርን በ18 ማባዛት ነው።

ዊኪፒዲያን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። የአንድን በሽታ አጠቃላይ መልክ ለማየትና ግርጌ ላይ ያሉትን ምንጮች ለመከተል ጥሩ ነው። ጥራቱ ከቋንቋ ቋንቋ፣ ከገጽ ገጽ በጣም ይለያያል። የመድኃኒት መጠን ከዚያ አይወሰድም።

ቪዲዮ፦ የሚያሳይና የሚናገር

ዩቲዩብና ቲክቶክን ጭራሽ አትዩ የሚል ምክር ሰሚ የለውም፣ ትክክልም አይመስለኝም። አንዳንዱን ነገር ጽሑፍ አያስተምረውም። ኢንሄለር እንዴት ይሳባል? ኢንሱሊን የት ይወጋል፣ መርፌውስ ምን ያህል ይቆያል? ፊዚዮቴራፒስቱ ያዘዘው እንቅስቃሴ እንዴት ነው የሚሠራው? እዚህ ላይ ቪዲዮ ከየትኛውም ገጽ ይበልጣል። የሚያሳየን ነገር በዓይን የሚታይ ስለሆነ ነው። የሆስፒታል ወይም የሐኪሞች ማኅበር ቻናል ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ልብ ያሳርፋል።

ቪዲዮው ማሳየቱን ትቶ መናገር ሲጀምር ግን ነገሩ ይለወጣል። «ይሄ መድኃኒት ኩላሊት ይጨርሳል»፣ «ሐኪሞች የደበቁት ሚስጥር»፣ «በ7 ቀን ግፊት ደህና ሰንብት»። እነዚህ በዓይን የሚረጋገጡ አይደሉም። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ማን እንደሆነ፣ በምን ሙያ እንደተመረቀ ከቪዲዮው አይታወቅም። የጥርስ ሐኪም ስለ ልብ መድኃኒት ሲያወራ ዶክተር የሚለው ስም እውነት ሊሆን ይችላል፤ እውቀቱ ግን የዚያ ሙያ አይደለም።

ስሜት የሚነካው ወሬ ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ፣ ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ትዊተር ላይ የተሰራጩ ወሬዎችን ተከታትሎ ነበር። ጥናቱ የጤናን ብቻ ሳይሆን ሁሉን ዓይነት ወሬ ይመለከታል። እውነተኛው ወሬ 1,500 ሰው ጋ ለመድረስ ከሐሰተኛው 6 እጥፍ ያህል ጊዜ ወስዶበታል። ስለዚህ አንድ ቪዲዮ ሚሊዮን ጊዜ መታየቱ ስለ እውነትነቱ የሚነግረን ነገር የለም።

ቪዲዮው ስር ያለውን ሊንክም ተጭናችሁ እዩት። ወዴት ይወስዳል? ስለ በሽታችሁ ያስፈራራችሁ ሰው መፍትሔውን ራሱ የሚሸጥ ከሆነ ሌላ ምንጭ ፈልጉ። ይህ በተለይ ሳፕሊመንት (ቫይታሚንና መሰል ማሟያ) ላይ ይብሳል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ሕግ መሠረት ሳፕሊመንት እንደ መድኃኒት ውጤታማነቱ ተረጋግጦ ፈቃድ እስኪያገኝ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ይሸጣል። አምራቹ ስለ ጥቅሙ ከጻፈ ግን ምርቱ በሽታን ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለመፈወስም ሆነ ለመከላከል እንዳልታሰበ እዚያው ማስታወቅ ግዴታው ነው። ቪዲዮው «ይፈውሳል» ያለውን ዕቃ ማሸጊያው ላይ አንብቡት።

የታማሚዎች ግሩፕ ወይስ የጥናት ማስረጃ?

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚጠቀመውም የሚጎዳውም እዚህ ስለሆነ።

ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሚገናኙበት የፌስቡክ ወይም የቴሌግራም ግሩፕ ሐኪም ሊሰጥ የማይችለውን ይሰጣል። ኬሞቴራፒ ላይ ያለች ሴት አፏ ሲቆስል ምን እንደቀለላት ትናገራለች። የስኳር ታማሚ ልጅ ያላት እናት ትምህርት ቤቱን እንዴት እንዳስረዳች ትጽፋለች። ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል። ይህን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ብርቅዬ በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ስለ በሽታው የሚያውቅ ስፔሻሊስት የት እንዳለ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከእንደዚህ ዓይነት ግሩፕ ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? «እኔን አድኖኛል» የሚለው ምስክርነት ላይ። የሚናገረው ሰው አይዋሽም። በእርግጥም ድኗል። ግን በምን ዳነ? ጉንፋን ምንም ባይደረግለት እንኳ በሳምንት ወይም በ10 ቀን አካባቢ ይለቃል። ድንገተኛ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይሻላል። መገጣጠሚያን የሚያሳምሙና ቆዳን የሚያሳክኩ ብዙ በሽታዎች ብድግ ይላሉ፣ ይተኛሉ። ሰው አዲስ ነገር የሚሞክረው መቼ ነው? ሲብስበት። ከባሰበት በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መሻል ነው። ያ መሻል የመጨረሻ ለተሞከረው ነገር ይቆጠርለታል።

በዚያ ላይ ግሩፑ ላይ የማይጽፉ ሰዎች አሉ። ያንኑ ሞክሮ ያልሠራለት ሰው ዝም ብሎ ይወጣል። መድኃኒቱን አቋርጦ የሞተ ሰው ኮመንት አይሰጥም። ስለዚህ ከአንድ ግሩፕ 50 የመዳን ምስክርነት ብናነብ እንኳ ስንት ሰው ሞክሮ ስንቱ እንደተጎዳ አናውቅም።

ሐኪሞች በትልልቅ ጥናት የሙጥኝ የሚሉት ለዚህ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቤታ ካሮቲን (ካሮትና መሰል አትክልት ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር) ያለበት ምግብ የሚያዘወትሩ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው አነስ ያለ እንደሆነ ታይቶ ነበር። እንግዲያውስ በክኒን ቢሰጥ ይጠቅማል ተባለ፤ ለሰሚው ምክንያታዊ ነው። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 የሚያጨሱ ወንዶች ተመረጡ። በዕጣ ተከፋፍለው ገሚሱ ቤታ ካሮቲን ወሰደ፣ ገሚሱ አልወሰደም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ ክኒኑን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ክኒኑን ከወሰዱት አብዛኞቹ ካንሰር ስላልያዛቸው «ጠቅሞኛል» ብለው በሙሉ ልብ ሊመሰክሩ ይችሉ ነበር። ጉዳቱ የታየው የሁለቱ ወገን ቁጥር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ብቻ ነው።

የእኔ መለያ መስመር ይህ ነው፦ ከግሩፕ ስለ አኗኗር እወስዳለሁ። መድኃኒት መጀመርን፣ ማቆምን፣ መጠን መቀየርን፣ ሁለት ነገር ቀላቅሎ መውሰድን ግን ከግሩፕ አልወስድም። የደም ማቅጠኛ፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብና የስኳር መድኃኒት ላይ ደግሞ ምንም ዓይነት ድርድር የለም።

ጥናቱን ራሳችን እናንብብ?

ይቻላል፤ በጥንቃቄ። ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጥናቶች ማውጫ ላይ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የጥናት ማጠቃለያዎች በነጻ ይገኛሉ። አንድ ጥናት ብቻውን ግን ቀጭን ማስረጃ ነው። ዘ ላንሴት በተባለው ታዋቂ መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው፣ የኩፍኝን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ የተመሠረተው በ12 ልጆች ላይ ነበር። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሰረዘው። በዚያው ዓመት ዌክፊልድ ከእንግሊዝ የሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። ከዚያ በኋላ በብዙ መቶ ሺህ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግንኙነቱን አላገኙትም። የተሰረዘው ጽሑፍ ግን ዛሬም በየግሩፑ «ጥናት አረጋግጧል» እየተባለ ይዞራል።

ለተራ አንባቢ ከነጠላ ጥናት ይልቅ ኮክሬን ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተ ተቋም ነው፤ በአንድ ጥያቄ ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ሁሉ ሰብስቦ ይመዝናል። ለሐኪም ላልሆነ ሰው የሚሆን አጭር ማጠቃለያም አብሮ ያወጣል። «ይህ ሕክምና ይሠራል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። አንዳንዴ መልሱ «በቂ ማስረጃ የለም» ይሆናል። ያም መልስ ነው።

ጥናትን የሚዘግብ ዜና ስታነቡ ደግሞ «እጥፍ ጨመረ» የሚለውን ቃል ጠርጥሩት። እ.ኤ.አ. በ1995 እንግሊዝ ውስጥ አንዳንድ የወሊድ መከላከያ ክኒኖች የደም መርጋትን በእጥፍ እንደሚጨምሩ ተነገረ። ብዙ ሴቶች ደንግጠው አቆሙ። ቁጥሩ ግን ከ7,000 ሴቶች 1 የነበረው 2 ሆነ ማለት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ያልታሰበ እርግዝናና ውርጃ ጨመረ፤ እርግዝና ራሱ ደግሞ የደም መርጋትን ከክኒኑ የበለጠ ያባብሳል። «እጥፍ» ሲባል «ከስንት ወደ ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ። ዜናው ይህን ካልነገራችሁ ውሳኔ አትወስኑበት።

ቻትቦት ወይስ የምልክት መመርመሪያ?

ምልክት ሲያስገቡለት የበሽታ ስም የሚዘረዝረው ድረ ገጽ ብዙ አያስመካም። እ.ኤ.አ. በ2015 የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት 23 እንዲህ ዓይነት መመርመሪያዎችን የፈተነ ጥናት አውጥቶ ነበር። ትክክለኛውን በሽታ አንደኛ አድርገው ያስቀመጡት 34 በመቶ በሚሆነው ሙከራ ብቻ ነው።

ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ሌላ ናቸው። ቋንቋ ላይ ጎበዞች ናቸው፤ ሥራ ልስጣቸው ካልን የቋንቋ ሥራ ነው መስጠት ያለብን። የሐኪም ማስታወሻ በቀላል አማርኛ እንዲያብራሩ፣ የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ያለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ እንዲናገሩ፣ ለነገው ቀጠሮ ጥያቄ እንዲያዘጋጁ። እዚህ ላይ በእርግጥ ይጠቅማሉ። ሐኪሙ «አትውሰድ» ያለው በትርጉም መሀል «ውሰድ» ሊሆን ስለሚችል ግን የመድኃኒት መመሪያ ከሆነ ዋናውን ከፋርማሲስት ጋር አስተያዩት።

የሚያሰጋኝ ሁለት ነገር ነው። ሲሳሳቱም ሲያውቁም የሚናገሩበት ድምፅ አንድ ነው፤ የሌለ ጥናት በስምና በዓመት ሊጠቅሱም ይችላሉ። ደግሞም ጥያቄው ወዳዘነበለበት ያዘነብላሉ። «ይህን መድኃኒት ማቆሜ ጥሩ አይደለም?» ካላችሁ የምትፈልጉትን መልስ ነግራችኋቸዋል። «ይህን መድኃኒት ማቆም ምን ጥቅምና ምን ጉዳት አለው?» በሉ። የጠቀሱትን ምንጭ ራሳችሁ ክፈቱ። ካልተገኘ መልሱን ተዉት። ስማችሁንና ሙሉ የሕክምና መዝገባችሁንም አትለጥፉ።

ገጹን ለመመዘን ከገጹ መውጣት

ብዙ መመሪያ ገጹ ሥርዓት ያለው መሆኑን፣ ስለ ድርጅቱ የሚናገር ክፍል እንዳለው፣ አድራሻው በዶት ኦርግ ማለቁን እዩ ይላል። ይህ ምክር አርጅቷል። ዶት ኦርግን ማንም ይገዛል፤ ያማረ ገጽም ማንም ይሠራል። የጤና ገጾችን መዝኖ ማኅተም ይሰጥ የነበረው የጄኔቫው ሄልዝ ኦን ዘ ኔት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ሥራውን አቁሟል።

የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 መረጃ አጣሪዎችንና 25 የዩኒቨርሲቲውን ተማሪዎች ፈትነው ነበር። ሁለት ገጽ ሰጥተው የትኛው ይበልጥ እንደሚታመን ጠየቋቸው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1930 የተመሠረተው፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ ነው። ሌላው ከእሱ የተገነጠሉ ጥቂት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋሙት፣ ስሙ የሚመሳሰል «ኮሌጅ» ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎች ተሳሳቱ፣ ከምሁራኑም የተደናገሩ ብዙ ነበሩ። ገጹን ከላይ እስከ ታች በጥሞና ስላነበቡት ነው። መረጃ አጣሪዎቹ ግን ገጹን ገና ሳያነቡ ሌላ ታብ ከፍተው የድርጅቱን ስም ፈለጉ፤ ሌሎች ስለ እሱ የሚሉትን አዩ። በደቂቃዎች ውስጥ ማን ማን እንደሆነ ለዩ።

ይህ ማንም ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። የድርጅቱን ወይም የሰውየውን ስም ሌላ ታብ ላይ ጻፉ። ማን ገንዘብ ይሰጠዋል? ሙያው ምንድን ነው? ሌሎች ተቋማት ያንኑ ነገር ይላሉ ወይስ ብቻውን ነው? ከገጹ ውስጥ የማየው አንድ ነገር ቢኖር ቀኑን ነው፤ የሕክምና ምክር ይለወጣልና። እ.ኤ.አ. በ2020 መጋቢት ላይ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለውን የወባ መድኃኒት ለኮቪድ በአስቸኳይ ፈቀደ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሻረው። የመጋቢቱን ዜና ብቻ ያነበበ ሰው ምንጩ ትክክል ነበር፣ መረጃው ግን አልፎበታል።

ሐኪም ፊት ይዞ መቅረብ

«ኢንተርኔት ላይ አነበብኩ» የምትለው ዓረፍተ ነገር አንዳንድ ሐኪም ፊት ያስቆጣል። ስለዚህ ሰው ይደብቃል። መደበቁ ደግሞ ከማንበቡ የባሰ ነው፣ በተለይ ያነበበውን ነገር መውሰድ ከጀመረ። ቀለል ያለው መንገድ ያነበባችሁትን በጥያቄ ማቅረብ ነው፦ «እንዲህ የሚል አይቻለሁ፤ ለእኔ ሁኔታ ይሠራል?» ገጹን ስልካችሁ ላይ ክፍት አድርጋችሁ አሳዩ፤ ከማስታወስ ይልቅ ማሳየት ይሻላል። ጥያቄዎቹን ጽፋችሁ በጣም የሚያሳስባችሁን ከላይ አድርጉ፣ ጊዜው ካለቀም እሱ ይመለስላችኋል። የምትወስዱትን ሁሉ፣ በሐኪም የታዘዘውንም፣ ከኢንተርኔት አይታችሁ የጀመራችሁትን ሳፕሊመንትም፣ ማሸጊያዎቹን በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።